ዐሥራ ሦስተኛው በር

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ቆጣሪው» ይሉት ነበር። ደረጃ ሲወጣ ይቆጥራል፤ ስልክ ስንት ጊዜ እንደጠራ ይቆጥራል፤ ሰው ሲያናግረው እንኳ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቅጽል ስሙን አልጠላውም። ቆጥሮ የተሳሳተበትን ቀን አያስታውስም።

የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት የሚሸጠውን ድርጅት ሰርቨር ዐሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀው እሱ ነው። ሰርቨሩ ዐሥራ ሁለት በሮች ነበሩት። ትኬት የሚቆርጠው በአንዱ፣ የመነሻ ሰዓት የሚጠይቀው በሌላው ይገባል። በሮቹ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ እየተቀበለ ወደሚመለከተው ክፍል የሚሸኝ ፕሮግራም አለ፤ «አስተላላፊው» ይለዋል። የጻፈው ራሱ ነው። እንግዳው የሚያውቀው ያንኳኳውን በር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደተወሰደ አያውቅም።

ሚስቱ ስትታመም ሃያ ሦስት ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ለሥራ አስኪያጁ በቃል ነግሮት ነበር፤ እሱም «አይዞህ፣ ሂድ» ብሎታል። ከቀብሯ በኋላ ሲመለስ ግን ሃያ ሦስቱ ቀናት «ያለ ፈቃድ መቅረት» ተብለው የስንብት ደብዳቤ ላይ ሰፍረው ጠበቁት።

«መቁጠር ትወድ የለ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። «ይኸው፣ እኛም ቆጠርንልህ።»

አራት ሰዎች ሳቁ። የሳቁትን ቆጥሯል።

ሥራውን የተረከበችው ረዳቱ ነበረች። የበሮቹን ዝርዝር ሲሰጣት ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያሳለፈች ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ ጋሼ?»

«መቁጠር ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

ፈረመች። ቀና ብላ አላየችውም። የዚያን ቀን ጥርሱን ነከሰባት። ይህችን ልጅ ከስንቱ ችግር አውጥቷታል። አንድ ባለትዳር ሰውዬ በቢሮው ስልክ ቀን በቀን እየደወለ መግቢያ መውጫ ሲያሳጣት፣ ከዚያ ቁጥር የሚመጣው ጥሪ ሁሉ ወደ ሰውዬው ቤት እንዲዞር ያደረገላት እሱ ነው። ሰውዬው «የኔ ማር» ሲል «አቤት» ያለችው የገዛ ሚስቱ ሆነች። ቢሮው ሳምንት ሙሉ ሳቀ፤ እሷማ እንባዋ እስኪወርድ። ዛሬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችበት።

ከዝርዝሩ ውጭ ግን አንድ በር ነበር። በመጨረሻው ሳምንት፣ ሥራውን ሲያስረክብ የከፈተው ነው። ከቤቱ ሆኖ በዚያ ከገባ መላውን ማሽን እንዳሻው ያዘዋል። የይለፍ ቃሉ ቤቱ ላለችው ሳጥን፣ ለትንሿ ሰርቨሩ የሚጠቀምበት ያው ነው፤ በዚህ ዕድሜው ሁለት ቃል መሸከም አልፈለገም።

ሳጥኗ ሳሎን መደርደሪያው ሥር ናት። ከመሥሪያ ቤቱ ማሽን ጋር መንታ አድርጎ ነው የገጣጠማት፤ አንዱ ዲስክ ለዋናው፣ ሁለተኛው ለቅጂው። በእነዚያ ሃያ ሦስት ቀናት የሚስቱን ድምፅ ስልሳ አንድ ጊዜ ቀድቶ ነበር። ስለ ልጅነቷ ታወራለች፣ ስለ ሠርጋቸው ቀን ዝናብ ታወራለች፣ እሱ ሽንኩርት ሲከትፍ የሚሠራውን ስህተት ትዘረዝራለች። ስልኩ ሲሞላበት ሁሉንም ወደ ሳጥኗ አዛወረ። ሩቅ ከተማ ያለችው ልጁ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስትመለስ በመስመር እየገባች እንድታዳምጥ በር ከፍቶላታል።

ከተባረረ በዐሥረኛው ቀን የድርጅቱን ዐሥራ ሦስተኛ በር አንድ ጊዜ አንኳኳ። ሦስት እስኪቆጥር መልስ መጣ። ምንም ሳይነካ ወጣ። ከየት እንደተንኳኳ በማሽኑ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር፣ መዝገቡን የምታነበውም ረዳቱ እንደሆነች ልብ አላለም። በሩ መኖሩን ማወቁ በቃው።

ከዚያ ጠበቀ። ለተቆጠሩበት ሃያ ሦስት ቀናት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቀን።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ትኬት ፈላጊው እንደ ጉንዳን በሚርመሰመስበት ሰዓት፣ ሳሎኑ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ያለ ተሳፋሪ ዝርዝር፣ ያለ ወንበር ቁጥር፣ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ሲንተባተብ ታየው። በሩን አንኳኳ።

«አንድ» ብሎ ሳይጨርስ መልስ መጣ።

«ጎሽ፣ እኔ ስወጣ ፈጣን መስመር አስገቡ» አለ ለራሱ።

የይለፍ ቃሉን ጻፈ። የሚያውቀው ጥቁር ገጽ ተከፈተ። ውስጡን አልፈተሸም፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልፋቱን እያየ ማፍረስ አልሆነለትም። በቃሉ የያዘውን የማጥፊያ ትእዛዝ ጻፈ። መጀመሪያ ዋናው ዲስክ፣ ቀጥሎ ቅጂው።

መደርደሪያው ሥር የሳጥኗ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ልጁ እናቷን የምታዳምጥ መሰለው።

«ስሚ የኔ ልጅ» አለ፣ እንደምትሰማው ሁሉ። «ይኸ ለእናትሽ ነው።»

ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሲያልቅ መብራቱም ጸጥ አለ። ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ተነፈሰ። ጩኸቱን በጆሮው መስማት አማረው፤ ወደ ትኬት ክፍሉ ደወለ። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወዴት ነው የሚጓዙት?»

«ትኬት... ዛሬ ትሸጣላችሁ?»

«እንዴታ። ለስንት ሰው ይሁንልዎት?» ከጀርባዋ ኪቦርድ ይንጣጣል፤ ሰዎች ይሣሣቃሉ።

«ሲስተሙ አልተበላሸም?»

«ኧረ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው፣ አባቴ። በመስኮት በኩል ልያዝልዎት?»

ዘጋው። ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጠው ጠራ። ልጁ ናት።

«አባባ፣ ገና አሁን ከሥራ መግባቴ ነው፤ ሳጥኗን ብከፍታት ባዶ ናት፣ የእማዬን ድምፅ የት አደረግኸው?»