ተው ሲባል

ዕውሩ ውሻ ሳህኑ ጋ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው ዛሬም ቆመ። አንድ የፊት እግሩን አንስቶ፣ አፍንጫውን ወደ ሥጋው ሽታ ቀስሮ፣ ደርቆ ቀረ። ቤታቸው ከመጣ ጀምሮ በቅጡ አልበላም።

«ደነዝ ነው አልኩሽ» አላት ልጅቷን ወንድሟ፣ ሌሎቹን ሁለት ውሾች በጉልበቱ እየገፋ። «ተው! ተው ብያለሁ!»

«እዚህ በረሃብ ሲሞትማ አላይም» አለች እናቷ። «ነገ ወደ መጣበት የውሻ መጠለያ መልሺልኝ። ተው አንተ፣ የሱን ምግብ ተው!»

ዝቅ ማለት ጀምሮ የነበረው የዕውሩ እግር በእናቷ ድምፅ ተመልሶ ሲነሳ ልጅቷ አየች። ደሟ ፈላ።

«ማንን ነው የምትቆጡት?»

«እነዚህን ሆዳሞች ነዋ! አይታይሽም?» አለ ወንድሟ።

«ለኔማ ይታየኛል! እሱ በምን ይወቅ? ተው ባላችሁ ቁጥር እሱን የምትሉት ይመስለዋል! እዚህ ቤት ተው ሲባል የሚሰማ እሱ ብቻ ነው፤ እናንተ ደግሞ ደነዝ ትሉታላችሁ!»

ከሁለቱ ውሾች ጥቁሩ ወደ ሳህኑ ሾለከ። ወንድሟ ሊጮህ አፉን ሲከፍት በመዳፏ ግጥም አድርጋ ዘጋችው። እናቷ ከንፈሯን ነክሳ ጥቁሩን በአንገት ማሰሪያው ጎትታ ያዘችው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ዕውሩ እግሩን መሬት አሳረፈና አፍንጫውን ሳህኑ ውስጥ ቀበረ።

ወንድሟ ከመዳፏ ሥር አጉረመረመ። ሳህኑ ተልሶ እስኪያልቅ እጇን አላነሳችለትም።