የጎማው ቁራጭ

ሞራ ፀጉሯን ፈትታ ከወንድሟ እግር ሥር ተቀመጠች። "ኦምባቲ፣ ሹሩባ ሥራኝ። እማ እኮ ፀጉሬን ትነጨዋለች።"

ኦምባቲ እጆቹን ጭኖቹ ሥር ደበቀ። እንደ ሴት ሹሩባ ይሠራል፣ እንደ ሴት ይራመዳል ተብሎ ነበር ናኩሩ ከተማ ወዳለው ወደዚህ ክሊኒክ የገባው።

"አዩ የሞራ እናት?" አለ ዶክተሩ። "ድሮ ማበጠሪያ ይዞ ይሮጥ አልነበር? አሁን ለቀቀው።"

"ተመስገን" አለች እናቱ። ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ፣ ሽቦ ከተጠመጠመበት የኤሌክትሪክ ሳጥን ጎን ከተጋደመው የጎማ ቁራጭ አልነቀል አለ። ጥርስ አርፎበታል። ስትገባ የውሻ መጫወቻ መስሏት ነበር።

ሞራ መጠበቅ ሲሰለቻት ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ ጣለች። ፀጉሯ ሲነካው ኦምባቲ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ አፉንም በሰፊው ከፍቶ ጎማውን እስኪያጎርሱት ጠበቀ።