ከቀጠናው የማይወጣ ኩላሊት

ይመኙሻል ከሰቆጣ ወደ ከተማው የመጣችው ሳትሞት ወንድሟን ለመሰናበት ነበር። ፊቷና እግሯ አብጧል። የወንድሟ ሚስት ሾርባ ስታቀርብላት ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ገፋ አደረገችው፤ ፈሳሽ ከበዛባት ትንፋሽ ያጥራታል።

ጓንጉል እህቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ከዓመታት በፊት ታሞ ሊሞት ሲል አንድ ኩላሊቷን የሰጠችው እሷ ናት። አሁን የቀራት ሲደክም ግን ሕጉ ተለውጧል፤ ምትክ ኩላሊት የሚያገኙት በከተማው ቀጠና የሚኖሩና የጤና መድን ያላቸው ብቻ ሆነዋል። ሰቆጣ ከቀጠናው ውጭ ነው።

"አብሬሽ እሄዳለሁ" አላት ድንገት። "ሰቆጣ የማውቀው ሐኪም አለ። ያንቺን ኩላሊት እመልስልሻለሁ።"

"ተው አንተ! ልጆችህስ?"

"ነግሬያቸዋለሁ። ተነሽ በቃ፣ እንሂድ።"

ይመኙሻል ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ከበሩ ወጥታ ወደ ደረጃው አመራች። ጓንጉል አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሻንጣ አንስቶ ሊከተላት ሲል በሩ በራሱ ተዘጋ። ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ለስላሳ የሴት ድምፅ መጣ።

"አቶ ጓንጉል፣ በአዲሱ ሕግ መሠረት በውስጥዎ ያለው ኩላሊት የቀጠናው ንብረት ነው። ይዘውት ሊወጡ ማሰብዎን ሰምተናል። ለደህንነቱ ሲባል በሩ ተቆልፏል።"

እጀታውን ታገለው፤ በሩን በትከሻው ገፋው። "የእህቴ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"እባክዎ ይረጋጉ" አለ ድምፁ። "የደም ግፊትዎ ሲጨምር ኩላሊቱን ይጎዳዋል።"

ከበሩ ማዶ ይመኙሻል ደረጃው ላይ በርከክ ስትል ተሰማው።

"ጓንጉል፣ የት ቀረህ?" አለች እያለከለከች። "ና እንጂ ወንድሜ፤ ብቻዬን መውረድ አልቻልኩም።"