ርክክብ

ስንት ዓመት ሙሉ ይህን መሥሪያ ቤት ሳጸዳ፣ ስሜ በሩን የሚከፍተው ማሽን ላይ ስለሌለ በር እያንኳኳሁ ነው የምገባው። ሌላው ሰው ስሙ ስላለ ካርዱን ሲያስጠጋ ይከፈትለታል። እኔ የኤጀንሲ ቅጥር ነኝ።

ዛሬ ኪሩቤል የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያ አዲስ ማሽን አመጣ።

«በዚህኛውስ ስሜን ታስገባልኛለህ?» አልኩት።

«እትዬ አስካለ፣ ከነገ ጀምሮ ስሙ የሌለ ሰው ቢያንኳኳም አይከፈትለትም ተብሏል። ሌላ ሥራ ይፈልጉ። ደግሞ አሮጌው ማሽን ስሞቹንና ሥልጣኑን ለአዲሱ እስኪያስረክብ እንዳይነኩት!»

«ሳያስረክብ ቢሞትስ?»

«የሁላችንም ስም ያለው እሱው ላይ ነው» ብሎ ሳቀ። «ያኔማ ሥራ አስኪያጁም ደጅ ቀሩ!»

ስልክ ተደውሎለት ወጣ። እኔም መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ውሃ የሞላውን ባልዲ አንስቼ አሮጌው ማሽን ላይ ገለበጥኩት።