የሐሙስ ተማሪ

በኮንዶሚኒየማችን ውሃ እኔ እስካለሁበት አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት ካቆመ ስድስት ወሩ ነው። ሁለቱ የሞርሞን ሰባኪዎች በሬን ያንኳኩትም ያኔ ነው።

አንደኛው ከአሜሪካ የመጣ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ደረቱ ላይ የለጠፈው ባጅ ግን «ሽማግሌ» ይላል፤ የሰባኪነት ማዕረጋቸው ነው አሉ። «አንተ ሽማግሌ፣ ጢምህን የት ጣልከው?» ስለው እስከ ጆሮው ይቀላል። የጋናዊው ጓደኛው አማርኛ ገና ነው፤ ዝም ብሎ ይስቃል።

እኔ መቼም ሃይማኖቴን የምለውጥ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም «እማራለሁ» ብዬ ሐሙስ ሐሙስ ቀጠርኳቸው። ሲመጡ የነጭ ሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው አራት ጀሪካን ውሃ ከታች ያወጡልኛል። ከዚያ እነሱ ሲያስተምሩ፣ እኔ ምስሬን እየለቀምኩ «እህ፣ እህ» እላለሁ።

ትናንት ልጁ ወደ ሌላ ከተማ መቀየሩን ሊነግረኝ መጣ። አንገቱን ደፍቶ በሬ ላይ ቆመ። «ልጄ፣ አንድም ቀን ከልቤ አልሰማሁህም» ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እትዬ ስንቅነሽ፣ እንደማይሰሙኝ ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። አለቃችን የማይማር ሰው ቤት አትመላለሱ ይላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ‹ልትጠመቅ ተቃርባለች› እያልኩ ዋሸሁት። አሁን እውነቱን ነገርኩት፤ የቀየረኝ ለዚያ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ በእኔ ምክንያት ምን አስዋሸህ?»

ግራ እንደገባው ሰው አየኝ።

«ባንመጣ ውሃውን ማን ያወጣልዎት ነበር?»