መሃል ላይ የተተወው ቦታ

ባልና ሚስቱ ከዚያ ሞቃት ባሕር ዳርቻ ከተመለሱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤታቸው የገባ እንግዳ ግን አሁንም የጉዞውን የፎቶ አልበም ሳያይ አይወጣም። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ለአምስተኛ ጊዜ እጅ ሰጠች።

"ሳንጨቃጨቅ የሰነበትንበት ብቸኛ ሳምንት!" አለ ባል፣ ዘንባባዎቹን እያሳየ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ልክ ማየት ለምዷል። "እኔ የምለው፣ በሁሉም ፎቶ ላይ መሃላችሁን ክፍት የተዋችሁት ተኳርፋችሁ ነው?"

ሁለቱም ሳቁ።

"እጃችሁስ? ግራና ቀኝ ሆናችሁ አየር ጨብጣችኋል፤ ያውም ዝቅ አድርጋችሁ።" ክፍቱን ቦታ በዓይኗ ለካችው። "የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው።"

"እኛ እኮ ልጅ የለንም፣ እትዬ" አለች ሚስት።

"አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት። ልኩን ነው የነገርኩሽ።"

ባል የመጨረሻውን ፎቶ ከአልበሙ አውጥቶ ገለበጠው። ጀርባው ላይ በሚስቱ እጅ ጽሑፍ፣ "ሦስታችን፣ ልንመለስ ስንል" ይላል።

ፎቶውን ለሚስቱ አቀበላት። ሚስት ጽሑፏን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

"አንተ ጋ ናት ብዬ እኮ ነው" አለችው።