መቅኔ የሚያውቅ ሰው

አቶ ወጋየሁ ሃያ ሁለት ዓመት የደከሙበት መዝገበ ቃላት በአንዲት ቃል ተሰናክሎ ቆመ። ቃሏ «መቅኔ» ናት።

አሳታሚው ደንብ አለው። ማንነቱ ለደራሲው የማይነገር አንድ ገምጋሚ እያንዳንዱን ገጽ አይቶ ካልፈረመ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት አይገባም። ይህ ስውር ሰው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ፈርሞ ሲያበቃ ያችን አንዲት ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ መለሳት።

በአቶ ወጋየሁ እምነት የጻፉት ነገር ከፀሐይ የጠራ ነበር። መቅኔ ማለት በአጥንት ውስጥ የሚገኝ ስብ ነው። «መቅኖ ቢስ» ደግሞ በረከት የራቀው፣ የበላው የማይታይበት ሰው፤ ከአጥንቱ ጋር ግን ዝምድና የለውም፣ «ቀና» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ገምጋሚው በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ዝምድና አለው። የከሳ በሬ መቅኔው ውሃ ይሆናል። ለመሆኑ ደራሲው ቅልጥም ሰብረው ያውቃሉ?»

«ይሄ ሚሳኤል ነው!» አሉ አቶ ወጋየሁ፣ ወረቀቱን ባለቤታቸው ፊት እየወረወሩ።

ዶክተር ሚሳኤል የድሮ የትምህርት ቤት ባልንጀራቸው ነው። የዶክትሬቱ ማዕረግ እርሳቸውን ዘሎ እሱ ጋ ስለ ደረሰ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም።

«በምን አወቅህ?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«ቀኖቹን እያቸው እንጂ! አስተያየቱ ሁሉ ረቡዕና ዓርብ የተጻፈ ነው። ሁዳዴ ሲገባማ በየቀኑ ጎረፈ። ፋሲካ እንዳለፈ ደግሞ ሃምሳ ቀን ሙሉ ጭጭ! ቀሳውስቱን የሚያስንቅ ጾመኛ ሚሳኤል አይደለም? ሥጋ ሲከለከል ሰው ይበላል።»

«እኛ ጴንጤዎቹስ ለዚያ ቀን አንመርጥም» አሉ ወይዘሮዋ። «ይልቅ አንዷን ቃል ብታርማት ምን ይልሃል?»

«ለሚሳኤል? ከሞትኩ በኋላ!»

ሐሙስ ጠዋት አቶ ወጋየሁ ላፍቶ መንገድ ዳር ወደሚገኘው ሥጋ ቤት ወረዱ። ባለቤቱ ሁንዴሳ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ሒሳብ የሚጽፍበትን እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሽንጥ ይበልታል።

«ትናንት መጥቼ ዝግ ነበር። አንተ ሰውዬ መቼ ነው የምትሠራው?»

«ትናንት እኮ ረቡዕ ነበር፣ ጋሼ።»

«ተወው። በል አንድ ቅልጥም ስበርልኝ።»

ሁንዴሳ ሁለት ሰበረ። እያንዳንዱን በመጥረቢያው ጀርባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው። የመጀመሪያው መቅኔ እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ከሁለተኛው ግን ቀላ ያለ ውሃ ሥጋ መክተፊያው ጉማጅ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?»

«ድርቅ ያየ በሬ ነው፣ ጋሼ። ሥጋው ያታልላል፤ ውስጡ ግን አይዋሽም።»

አቶ ወጋየሁ ውሃውን አዩት፤ አይተውም ናቁት። የቃል ምስጢር ጉማጅ ላይ እንደማይገኝ ከሁሉም ሰው በላይ ያውቃሉ።

«መቅኖ ቢስ የሚባለው ከዚህ ጋር ዝምድና አለው ትላለህ?»

«መጽሐፉን የጻፉት እርስዎ፣ የሚጠየቀው እኔ?»

«እሱስ ልክ ነህ። ለመሆኑ ተምረሃል?»

«ኧረ ቋንቋ አስተምር ነበር። ደመወዙ አጥንት ብቻ ቢሆንብኝ ሥጋውን ፍለጋ ወጣሁ።»

«ፊደል ነበር የምታስቆጥረው?»

«እንደዚያ ይበሉት» ብሎ ሁንዴሳ ሳቀ።

አቶ ወጋየሁም ሳቁ። ከጥቁር ሰሌዳ ወደ መጥረቢያ የወረደ መቅኖ ቢስ ሲሉ በልባቸው መዘገቡት። ወዲያውም አንድ ብልሃት መጣላቸው።

«ሰው ፊት ብትጠራ ቀርበህ ትመሰክራለህ?»

«ከተጠራሁ መቼ እቀራለሁ?»

ማታውኑ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፉ። በደንቡ መሠረት ደራሲ ገምጋሚውን አንድ ጊዜ ብቻ ፊት ለፊት የመሟገት መብት አለው። ከተረታ ግን መጽሐፉ እስከ ወዲያኛው ይመለስለታል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ይህን ሲሰሙ «ሃያ ሁለት ዓመትህን በአንድ አጥንት?» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አቶ ወጋየሁ አልሰሟቸውም። እንዲህ ሲሉ ይጽፉ ነበር፦

«ገምጋሚው ዶክተር ሚሳኤል መሆኑን ደርሼበታለሁ። ከመጽሐፍ ገጽ በቀር አንዳች ሲገነጥል ታይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ቅልጥም ሊያስተምረኝ አይገባም። በቀን ሃያ ቅልጥም የሚሰብር ሥጋ ሻጭ እንኳ ለዚህ ዝምድና ምላሽ አጥቷል። ስሙ ሁንዴሳ ይባላል፤ ትምህርቱ ከፊደል ባያልፍም ሐቀኛ ነው። በምስክርነት ይጠራልኝ፤ የሚለውን ተቀብዬ በቃሉ እረጋለሁ።»

ከአሳታሚው ቤት አርታኢዋ መቅደላዊት ደወለች።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ደብዳቤዎን አንብበነዋል። እውነት በዚህ ምስክር ቃል ይረጋሉ?»

«ፈርሜበታለሁ እኮ፣ ልጄ!»

«እንግዲያው ረቡዕ ሦስት ሰዓት። በሌላ ቀን ገምጋሚው ሥራ አይለቃቸውም።»

«ጾመኛው!» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ረቡዕ ዕለት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሚሳኤልን የሚያሳፍሩበትን ንግግር መንገዱን ሙሉ ሲያጠኑ፣ ብስራተ ገብርኤል አጠገብ ከሚገኘው የአሳታሚው ቢሮ ደረሱ። መቅደላዊት ብድግ ብላ ተቀበለቻቸውና ከረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ አንድ ወንበር ሳበች።

«አንድ ወንበር ምን ያደርጋል?» አሉ አቶ ወጋየሁ። «ገምጋሚውም ምስክሬም መጥተው የለም?»

«መጥተዋል» አለች መቅደላዊት፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ።

በሩ ተከፈተ፤ ሁንዴሳ ጆሮው ላይ ቀይ እስክሪብቶ እንደ ሰካ ብቻውን ገባ።